ምዕራፍ 7፦ ከመስታወቱ ወዲህ

ዶክተር ቺልተን ፎቶግራፉን የሚያወጣው ደረጃው ላይ፣ ቀይ መብራት ፊታቸው ላይ ባረፈበት ቦታ ነው። ባልቲሞር ውስጥ፣ ወንጀል የፈጸሙ የአእምሮ ሕሙማን በሚታሰሩበት ሆስፒታል ምድር ቤት ናቸው። ቺልተን የሆስፒታሉ ኃላፊ ነው፤ አብራው ያለችው ክላሪስ ስታርሊንግ ደግሞ ገና ሥልጠናዋን ያልጨረሰች የኤፍቢአይ ዕጩ መርማሪ ናት። እስረኛው፣ የአእምሮ ሐኪም የነበረው ሐኒባል ሌክተር፣ አንድ ቀን ደረቴን አመመኝ አለ፣ ለልብ ምርመራ የአፉ ማፈኛ ተፈታለት፣ ነርሷ ጎንበስ ስትልበት ይህን አደረጋት ይላታል። ሐኪሞቹ አንዱን ዓይኗን አትርፈውላታል። ምላሷን ሲበላ እንኳ የልቡ ትርታ ከ85 አላለፈም። ክላሪስ ፎቶግራፉን ታያለች፤ እኛ አናይም። እኛ የምናየው የክላሪስን ፊት ነው።

ዳይሬክተሩ ጆናታን ደሚ ያን ፎቶግራፍ አሳይቶን ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የዚያን ዘመን የሜካፕ ሥራ እያየን በተሳለቅን ነበር። ላስቲክና ቀይ ቀለም ቶሎ ያረጃል። አንዲት ወጣት ሴት አጠገቧ ያለው ሰው ድንጋጤዋን እንዳያይባት ፊቷን ስታጠነክር ማየት ግን አያረጅም። ፊልሙ ከደም ይሸሻል ማለቴ አይደለም፤ ኋላ ሜምፊስ ላይ ሌክተር ሲያመልጥ የሚሆነውን ያየ ሰው ያውቀዋል። ግን ደሙን የሚያወጣው በቁጠባ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አሰቃቂውን ነገር የሚያስቀምጠው ሰሚው ፊት ላይ ነው።

ፊልሙ ‹‹ዘ ሳይለንስ ኦፍ ዘ ላምብስ›› ነው፤ እዚህ ‹‹የግልገሎቹ ዝምታ›› እያልን እንቀጥል። አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የቀረበው እ.ኤ.አ. የካቲት 14 ቀን 1991፣ ያውም በፍቅረኞች ቀን ነው። በእኛ አቆጣጠር የካቲት 7 ቀን 1983 መሆኑ ነው፤ አዲስ አበባ የራሷ ሌላ ጭንቀት የነበራት ወቅት። 19 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የወጣበት ሥራ በዓለም ዙሪያ ከ270 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በዓመቱ ኦስካር ሲሰጥ የምርጥ ፊልም፣ የምርጥ ዳይሬክተር፣ የምርጥ ተዋናይ፣ የምርጥ ተዋናይትና የምርጥ የተውሶ ጽሑፍ ሽልማቶችን ጠቅልሎ ወሰደ። አምስቱን አንድ ላይ የወሰዱ ፊልሞች ከእሱ በፊት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ የ1934፣ ሌላው የ1975። ሽልማት ግን ብዙ አያስረዳም። ኦስካር ወስደው ዛሬ ማንም የማያነሳቸው ፊልሞች ሞልተዋል። ይሄኛው ከ30 ዓመት በላይ አልፎትም፣ ሰው ታሪኩን በቃሉ እያወቀው ተመልሶ ይቀመጥለታል። ይህ ምዕራፍ የሚጠይቀው ይህንን ነው፤ የሚያውቀውን ነገር ለምን ያየዋል?

ልብ አንጠልጣይ ፊልም ጉልበቱ አብዛኛውን ጊዜ ‹‹ገዳዩ ማን ነው?›› በሚለው ጥያቄ ላይ ነው። መልሱ ከታወቀ በኋላ ሁለተኛ ለማየት የሚቸኩል የለም። የግልገሎቹ ዝምታ ይህን ጥያቄ ገና በጊዜ አውጥቶ ይጥለዋል። ሴቶችን እየገደለ ቆዳቸውን የሚገፈውን፣ ጋዜጦች ‹‹ቡፋሎ ቢል›› ያሉትን ሰው፣ ክላሪስ ስሙን ከማወቋ ከብዙ ጊዜ በፊት እናየዋለን። እጁ የተሰበረ መስሎ፣ ሶፋ መኪና ላይ መጫን አቅቶት ሲታገል፣ የአንዲት ሴናተር ልጅ ካትሪን ማርቲን አዝናለት ልታግዘው መኪናው ውስጥ ትገባለች። ከዚያ በኋላ ማንነቱ እንቆቅልሽ አይደለም። ቀሪው ጥያቄ በጊዜ ይደረስባት ይሆን የሚለው ነው፤ ይህም አንዴ ካየነው በኋላ አለቀ። ስለዚህ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ጊዜ የሚያስቀምጠን ነገር ከሴራው ውጭ መሆን አለበት።

ብዙ ሰው መልሱ ሌክተርን የሚጫወተው አንተኒ ሆፕኪንስ ነው ይላል። እውነት አለው፤ ግን ግማሹን ነው። ሆፕኪንስ ከ118 ደቂቃው ፊልም ውስጥ በዓይን የሚታየው ግማሽ ሰዓት ለማይሞላ ጊዜ ነው። ዌልሳዊው ተዋናይ በዚያን ጊዜ ሃምሳዎቹን የጀመረ፣ በመድረክ ሰው የተከበረ፣ በሆሊውድ በኩል ግን እድሉ የቀዘቀዘ ሰው ነበር። ለንደን ውስጥ ቴአትር እየሠራ ሳለ ወኪሉ ስለ ጽሑፉ ሲነግረው፣ ርዕሱን ሰምቶ የልጆች ተረት መስሎት እንደነበር ራሱ ደጋግሞ አውርቶታል። ደሚ እሱን የፈለገው በ1980 ‹‹ዘ ኤለፋንት ማን›› ላይ ደግና አዋቂ ሐኪም ሆኖ ሲሠራ ስላየው ነው። ይህ ምርጫ ሊጤን ይገባዋል። ክፉን ሰው የሚጫወት ክፉ መልክ አልፈለገም፤ ደግ ሐኪም የሚመስል ሰው ፈለገ።

ሆፕኪንስ ሌክተርን የሠራው በመቀነስ ነው። ክላሪስ ያንን ረጅም ኮሪደር ጨርሳ የመጨረሻው ክፍል ጋ ስትደርስ እሱ አልተኛም፣ አያነብም፣ ጥግ ይዞም አላደፈጠም። መሐል ላይ ቀጥ ብሎ፣ እጁን ከጎኑ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ ቆሟል። ደሚ መጀመሪያ ስትታይ ምን እያደረግህ ብትገኝ ትወዳለህ ብሎ ሲጠይቀው፣ ቆሜ ልጠብቃት፣ በኮሪደሩ ስትመጣ ሽታዋ ይደርሰኛል ያለው ተዋናዩ ነው። ድምፁን ሲያዘጋጅም የስታንሊ ኩብሪክ ‹‹2001›› ፊልም ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ትዝ ብሎት ነበር፤ ለስላሳ፣ ጨዋ፣ የማይቸኩል። ዓይኑን አለማርገብገቡን ብዙዎች ያነሱታል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ጨዋነቱ ነው። ደህና አደርሽ ይላታል። እንድትቀመጥ ይጋብዛታል። መታወቂያዋን ቀረብ አድርጋ እንድታሳየው የሚጠይቃት በትሕትና ነው። ክላሪስ በዚያ ቀን ያገኘቻቸው ወንዶች ሁሉ ቁመቷን ሲለኩ፣ ሲያሽኮረምሟት ወይም ሲያሳንሷት ውለዋል፤ ቺልተን ራሱ ከተማዋን ላሳይሽ በሚል ዘዴ ሞክሯታል። ሰው የበላው ሰውዬ ብቻ ሥነ ሥርዓት ያውቃል።

ከዚያ ይገነጣጥላታል። ቦርሳዋ ጥሩ ጫማዋ ርካሽ መሆኑን፣ የምትቀባውን ቅባት፣ ከምን ዓይነት ድህነት እንደሸሸች፣ ልትደብቀው የምትጥረውን የዌስት ቨርጂኒያ የአነጋገር ቅላጼዋን አንድ በአንድ ይነግራታል። ቅላጼዋን መልሶ ሲያስመስልባት ክላሪስን በምትጫወተው በጆዲ ፎስተር ፊት ላይ የሚታየው ቁጣና እፍረት ልምምድ ያልነበረው ነው፤ ሆፕኪንስ በቀረጻው መሐል የጨመረው ነገር እንደነበርና ከልቧ እንደተሰማት ተዋናይቷ ተናግራለች። አሁን ትዕይንቱን ደግማችሁ ስታዩት ሆፕኪንስን ተዉትና እሷን ተመልከቱ። ዓይኗ ውኃ ያቀርራል፣ አንገቷ ይደርቃል፣ ትውጣለች፤ ከዚያ ድምፏን ሳታሳንስ፣ ይህን ሁሉ ማየት የሚችለው ዓይንህ ወደ ራስህ ለመዞር ይደፍራል ወይ ብላ ትጠይቀዋለች። ፊልሙ የተረፈው በዚያች ቅጽበት ነው። ተሰባብራ ብታለቅስ ሌክተር ተራ አውሬ፣ እሷም ተራ ሰለባ ሆነው ይቀሩ ነበር።

ለዚህ ፊት ለፊት መፋጠጥ የሚረዳ አንድ የእጅ ሥራ አለ። የመድረክ ንድፍ ባለሙያዋ ክሪስቲ ዚያ የሌክተርን ክፍል ስታዘጋጅ በመጀመሪያ የታሰበው የተለመደው የብረት ፍርግርግ ነበር። በካሜራ ሲሞከር ብረቱ ፊቱን እየሸነሸነ አስቸገረ። ስለዚህ ወፍራም መስታወት ሆነ። መስታወቱ ሌክተርን ይበልጥ አደገኛ አስመሰለው፤ በብረት ሊያዝ የማይችል ፍጡር ያለ ይመስላል። ዋናው ጥቅሙ ግን ሌላ ነው፤ በሁለቱ ፊቶች መካከል የሚታይ ነገር ጠፋ።

ሌላው የደሚና የካሜራ ባለሙያው የታክ ፉጂሞቶ ዘዴ ነው። ፊልም ላይ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ አብዛኛውን ጊዜ ተዋናዩ የሚያየው ከሌንሱ ትንሽ ፈንጠር ብሎ ነው። እዚህ ግን ክላሪስን የሚያናግሯት ሰዎች በቀጥታ ሌንሱን ያዩታል። አለቃዋ ክሮፎርድ፣ ቺልተን፣ ሌክተር፣ ሁሉም ዓይናቸው እኛ ላይ ነው። እሷ ስትናገር ግን ዓይኗ ከሌንሱ ፈቀቅ ይላል። ስለዚህ ሳናውቀው ወንበሯ ላይ ተቀምጠናል። ወንዶቹ ከላይ እስከ ታች ሲመዝኗት የተመዘንነው እኛ ነን፤ ሌክተር ሲበረብራት የተበረበርነው እኛ ነን። ገና መጀመሪያ ላይ፣ ኩዋንቲኮ ማሠልጠኛ ውስጥ ሊፍት ስትገባ፣ ቀይ ቲሸርት የለበሱ ግዙፍ ወንዶች ዙሪያዋን ሞልተውት አናቷ ደረታቸው ድረስ ብቻ ሲደርስ፣ ይህ ዘዴ ሥራውን ጀምሯል። ማንም ምንም አይናገርም። ግን ወንድም ሆነ ሴት ያን ሊፍት ከእሷ ጋር ሆኖ ይወጣዋል።

ሌንስን ቀጥ ብሎ ማየት ምን ያህል ጉልበት እንዳለው ከኮሪያ የመጣ ሌላ ፊልም ያሳያል። ቦንግ ጁን ሆ በ2003 የሠራው ‹‹የግድያ ትዝታዎች›› የተመሠረተው ሁዋሶንግ በምትባል አካባቢ ከ1986 እስከ 1991 በተፈጸሙና ያን ጊዜ ባለቤታቸው ባልተገኘ ግድያዎች ላይ ነው። መጨረሻው ላይ መርማሪው ዞር ብሎ ካሜራውን ያፈጥበታል። ዳይሬክተሩ ያን ያደረገው ገዳዩ ሲኒማ ቤት ቢገባ ዓይን ለዓይን እንዲጋጠሙ ነው። በ2019 በዘረመል ምርመራ ሰውየው ታወቀ፤ ለካ በሌላ ግድያ ከ1990ዎቹ ጀምሮ እስር ቤት ነበር። ፊልሙን አይተኸዋል ወይ ሲባል አዎ አለ፤ የተለየ ስሜት አልሰጠኝም፣ ፊልም ብዬ ነው ያየሁት ብሎ መለሰ። ይህ መልስ ስለ እውነተኛ ገዳዮች ብዙ ይናገራል።

ምክንያቱም ሌክተር ውሸት ነው፤ ይህን አስረግጦ መናገር ያስፈልጋል። የኤፍቢአይ የባሕርይ ሳይንስ ክፍል በ1972 ከተቋቋመ በኋላ ጆን ዳግላስና ሮበርት ሬስለር እስር ቤት ለእስር ቤት እየዞሩ 36 ገዳዮችን አነጋገሩ። ያገኟቸው ባብዛኛው ሥራ የማይበረክትላቸው፣ በራሳቸው የሚያዝኑ፣ ቃላቸው ድሃ የሆኑ ሰዎች ነበሩ። ዳግላስ ፊልሙ ሲሠራ አማካሪ ሆኖ፣ ክሮፎርድን ለሚጫወተው ለስኮት ግሌን ገዳዮች ሰለባዎቻቸውን ሲያሰቃዩ የቀዱትን ድምፅ አሰምቶታል፤ ግሌን ከዚያ በኋላ በሞት ቅጣት ላይ የነበረው አቋም እንደተለወጠ ተናግሯል። ቡፋሎ ቢል የተቀመመው ከእውነተኛ ሰዎች ነው። እጁ የተሰበረ ማስመሰሉ ከቴድ ባንዲ፣ የሰው ቆዳው ከኤድ ጊን፣ ሴቶችን ጉድጓድ ውስጥ ማሰሩ ከጋሪ ሃይድኒክ የተወሰደ ነው። ሌክተር ግን ሌላ መነሻ አለው። ፊልሙ የተመሠረተበትን መጽሐፍ የጻፈው ቶማስ ሐሪስ በወጣትነቱ ጋዜጠኛ ሆኖ ሜክሲኮ፣ ሞንተሬይ እስር ቤት ውስጥ አንድ አሜሪካዊ እስረኛን ሊያነጋግር ሄዶ ነበር። እግረ መንገዱን እስረኛውን ያከመውን ሐኪም አገኘ። ሐኪሙ ጥሩ ልብስ የለበሰ፣ ስለ ሰው ስቃይ ረቂቅ ነገር የሚጠይቅ ሰው ነበር። ሐሪስ ሲወጣ፣ ሐኪሙ እዚህ ከጀመረ ስንት ጊዜው ነው ብሎ የእስር ቤቱን ኃላፊ ጠየቀው። ኃላፊው ሐኪሙ ራሱ ነፍሰ ገዳይ እስረኛ እንደሆነ ነገረው። ደራሲው ይህን ይፋ ያደረገው በ2013፣ መጽሐፉ 25 ዓመት ሲሞላው ነው። ልብ በሉ፤ ሐሪስን የቀረጸው ግድያው አይደለም፤ አጠያየቁ ነው።

ወደ ትልቁ ትዕይንት እንምጣ። ሌክተር ሜምፊስ ተወስዶ በአንድ ሰፊ አዳራሽ መሐል ባለ የብረት ቤት ታስሯል። ክላሪስ ፈቃድ ሳይኖራት ታልፍና ትገባለች። ሰዓት የለም፤ ካትሪን ጉድጓድ ውስጥ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው ውል የታወቀ ነው፤ እሱ ስለ ገዳዩ ፍንጭ ይሰጣል፣ እሷ ስለ ራሷ ትናገራለች። እስካሁን ስለ አባቷ ሞት ነግራዋለች። አሁን የቀረው ሞንታና ነው። የአሥር ዓመት ልጅ ሆና ዘመድ ከብት እርባታ ተላከች፤ አንድ ማለዳ በጩኸት ነቃች፤ ልጆች የሚያለቅሱ መሰላት። ግልገሎቹ እየታረዱ ነበር። በረቱን ከፈተችላቸው፣ አልወጡም። ቆመው አዩአት። አንዱን ታቅፋ ሮጠች፤ ከበዳት፤ ብርድ ነበር፤ ብዙም ሳትርቅ ተያዘች። ግልገሉ ታረደ፣ እሷም ወደ ወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያ ተላከች።

ደሚ ይህን ታሪክ በሥዕል ሊያሳየን አስቦ ነበር፤ ሕፃኗን፣ በረቱን፣ በጎቹን። ፎስተር ስትናገረው ከቀረጸ በኋላ ግን ሐሳቡን ጣለው። ለካ አያስፈልግም። ካሜራው ቀስ እያለ ይቀርባታል፣ ይቀርበዋል፤ ብረቶቹ ቀስ በቀስ ከዓይናችን ይወጣሉ፤ መጨረሻ ላይ ሁለት ፊት ብቻ ይቀራል። እሷ የምትናገረው ለሱ ለመናገር ብላ አይመስልም፤ ከዓመታት በፊት ያለ ነገር እያየች ነው። ሆፕኪንስ በዚህ ሰዓት የሚሠራው ከፊልሙ ሁሉ ከባዱን ነው፤ ያዳምጣል። ካትሪንን ብታተርፊ ያ ጩኸት ዝም የሚል ይመስልሻል ወይ ብሎ ይጠይቃታል። አላውቅም ትላለች። ያመሰግናታል። ፊቱ ላይ የሚታየው ርኅራኄ ይሁን ጥጋብ እኔ ለራሴ ቆርጬ መናገር አልችልም፤ ተዋናዩ ሁለቱንም አስቀምጦልናል። ወዲያው ጠባቂዎች ይጎትቷታል፣ መዝገቡን ስትቀበለው ጣቱ ጣቷን ይነካል። በፊልሙ ውስጥ አንዱ ሌላውን የሚነካው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሰው ተመልሶ የሚያየው ይህንን ነው ብዬ አምናለሁ። እንግዳ ሰው ቀርቶ የሚወዱን ሰዎች እንኳ እንዲህ አያዳምጡንም። የፊልሙ አስፈሪነት ሌክተር ይገድላል በሚለው ውስጥ የለም፤ እንዲህ የሚያዳምጥ ሰው ስናገኝ ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ እያወቅን እንኳ ልባችንን መክፈት የምንፈልግ መሆናችን ነው የሚያስፈራው። ክላሪስ ሌክተር ካመለጠ በኋላ ወደ እኔ አይመጣም፣ ብልግና ይመስለዋል ትላለች። እኛም አምነናታል። እንዴት እንዳመንናት ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል።

ሆፕኪንስና ፎስተር በቀረጻው ወቅት ብዙ አልተነጋገሩም ነበር። መጨረሻ ላይ ፎስተር ፈርቼህ ነበር ስትለው፣ እኔም አንቺን ፈርቼሽ ነበር ብሎ እንደመለሰላት ታወራለች። ቀልድ ይምሰል እንጂ ውጤቱ ይታያል።

ስለ ሴራው አንድ ነገር ብቻ፣ ተንኮሉ ስለሚያምር። መጨረሻው አካባቢ የኤፍቢአይ ጦር ኢሊኖይ ውስጥ አንድ ቤት ይከባል፤ አበባ የሚያደርስ ሰው መስሎ የቀረበ ፖሊስ ደወል ይጫናል። ምድር ቤት ግድግዳ ላይ ያለው ደወል ይጮኻል፣ ገዳዩ ይበሳጫል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ በሩን ይከፍታል። በሩ ላይ የቆመችው ክላሪስ ናት፤ ብቻዋን፣ ኦሃዮ ውስጥ። ጦሩ የሰበረው ቤት ባዶ ነው። ይህ በአርትዖት ብቻ የተሠራ ማታለል ነው፤ አንዳች የውሸት ነገር አልታየም፣ አዕምሯችን ራሱ ነው ሁለቱን በሮች አንድ ያደረጋቸው። ሁለተኛ ጊዜ ሲታይ ማታለሉ ይጠፋል፤ የሚተካው የፎስተር ፊት ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ቆማ የገዳዩ ምልክት የሆነችውን የእሳት እራት ስትበር አይታ፣ የት እንደገባች ስትረዳና እንዳወቀች እንዳያውቅባት ስትታገል።

የፊልሙ ትልቁ ጉድለትም እዚሁ ላይ ነው ያለው። ቴድ ሌቪን ቡፋሎ ቢልን በድፍረት ተጫውቶታል፣ ግን ፊት ለፊቱ የሚያዳምጠው ሰው የለም። ስለዚህ ከሱ የቀረልን ባሕርይ ሳይሆን ልብስ፣ ቀለምና ጭፈራ ነው። በ1992 የኦስካር ምሽት ከአዳራሹ ውጭ የግብረ ሰዶማውያን መብት ተሟጋቾች ፊልሙ እኛን ከገዳይ ጋር ያመሳስላል ብለው ተቃውመዋል፤ ፆታቸውን የሚለውጡ ሰዎችም እስከ ዛሬ ይህን ያነሳሉ። ሌክተር ሰውየው በእውነት እንዲያ አይደለም ብሎ የሚናገርባት አጭር ንግግር አለች፤ ያየነውን ምስል ለመመለስ ግን አቅም የላትም። ደሚ ከዚያ በኋላ ዋና ገጸ ባሕርዩ ግብረ ሰዶማዊ የሆነበትን ‹‹ፊላዴልፊያ››ን በ1993 ሠራ። ቅሬታው ተገቢ ነበር፤ በሥራው ውበት የሚካካስም አይመስለኝም።

አሰቃቂውን ነገር ሰሚው ፊት ላይ የማስቀመጥ ሙያ ቀድሞም ነበር። ፍሪትዝ ላንግ በ1931 ‹‹ኤም›› በተባለው የጀርመን ፊልም ፒተር ሎሬን ሕፃናት የሚገድል ሰው አድርጎ አሠራው። ፊልሙን ዛሬም የሚያሳየን፣ ወንበዴዎች ይዘውት ምድር ቤት ውስጥ ሲፈርዱበት ሎሬ ጉልበቱ ላይ ወድቆ የሚናገረው ነው። እዚያም ከፊቱ ረድፍ ይዘው ተቀምጠው የሚሰሙ ፊቶች አሉ፤ ላንግ ደጋግሞ ያሳየናል፤ አንዳንዶቹ ሳይወዱ ራሳቸውን ሲነቀንቁ እናያለን።

የሆፕኪንስን ግማሽ ብቻ ያየ ሰው ቀጣዩን ፊልም እንዴት እንደሚሠራ በ2001 ታየ። ‹‹ሐኒባል›› ላይ ሌክተር ነፃ ወጥቶ ፍሎረንስ ውስጥ ይንሸራሸራል። ፎስተር አልሠራም አለች፣ ጁልያን ሙር ተተካች፣ ዳይሬክተሩ ሪድሊ ስኮት ሆነ። ፊልሙ ገበያ ላይ ከፊተኛው በልጧል፤ ጥሩ ጥሩ ነገርም አለው። ግን ሁለቱ ባብዛኛው በተለያየ አህጉር ናቸው፤ ደብዳቤና ስልክ ነው የሚያገናኛቸው። ሌክተር የሚያዳምጠው ሲያጣ ቀልድ የሚወድ፣ ምግብ የሚያውቅ ሽማግሌ ሆነ። ሰው አንጎሉ እየተጠበሰ ሲበላ በግልጽ ታየ፤ ፎቶግራፉ በመጨረሻ ተገለጠ ማለት ነው።

ኋላ ነገሩን የንግድ ሕግ ጨረሰው። የገጸ ባሕርያቱ ባለመብቶች የተለያዩ ስለሆኑ፣ ከ2013 እስከ 2015 ማድስ ሚከልሰን ሌክተር ሆኖ የሠራበት የቴሌቪዥን ድራማ ክላሪስን ማምጣት አልተፈቀደለትም። በ2021 ደግሞ ‹‹ክላሪስ›› የተባለ ድራማ ተጀመረ፤ ታሪኩ ከፊልሙ ማብቂያ አንድ ዓመት በኋላ ነው፤ መርማሪዋ ያለፈችበትን ለማውራት የሥነ ልቦና ባለሙያ ፊት ትቀመጣለች። የሌክተርን ስም መጥራት ክልክል ስለነበር ጸሐፊዎቹ ዙሪያውን እየዞሩ እያነሱት፣ ከመጀመሪያው ሲዝን በኋላ ተቋረጠ።